ሁሉም ስልክዎ ውስጥ ካለ ለምን አይወዳደሩም?

ባለፈው ሳምንት ማታ የተላለፈውን የቴሌቪዥን ውይይት ያየ ሰው እንግዳውን አይረሳቸውም። ወሬው ዞሮ ዞሮ የጥያቄና መልስ ውድድሮች ላይ ደረሰ። እንግዳው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ለካሜራው ከፍ አድርገው አሳዩ። «ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ» አሉ። «የእነዚህ ሰዎች ሥራ ሽምደዳ ነው። በዚህ ዘመን ሰውን በሽምደዳ መሸለም ያሳፍራል።» አወያዩ ሳቀ። ከጎናቸው የተቀመጡትም ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። አንድ ጊዜ እኔም ተወዳዳሪ ሆኜ እዚያ መብራት ሥር የመልስ ቁልፍ ጨብጬ ስለቆምኩ ነገሩ ከነከነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ለብቻዬ ስመልስላቸው ከረምኩ። አሁን ጮክ ብዬ ልመልስ።

ስልኩ ውስጥ ሁሉም አለ። እሺ፣ ይሁን። መዝገበ ቃላት ውስጥም ቃል ሁሉ አለ፤ መዝገበ ቃላት የገዛ ሁሉ ግን ገጣሚ አልሆነም። ደግሞስ ስልክ የሚመልሰው ለሚጠይቀው ሰው ነው። ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ለማወቅ ሰውዬው አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ምንም የማያውቅ ሰው ስልኩን ከፍቶ ምን እንደሚያይ ሁላችንም እናውቃለን። የማያውቀው ሰው የሠርግ ቪዲዮ ነው።

እንግዳው እዚህ ላይ ቢያቆሙ እኔም ዝም ባልኩ። አላቆሙም። «ኮምፒውተር እንኳን ጄፐርዲ ላይ ሰውን ካሸነፈ ስንት ጊዜው!» ብለው በዚያ የአሜሪካ የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ያሸነፈውን ዋትሰንን ጠሩ። ምነው ባልጠሩት! ለእሳቸው ክርክር ከዚህ የባሰ ምሳሌ ተፈልጎም አይገኝም።

ዋትሰን የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ማሽን ነው። በፌብሩዋሪ 2011 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሁለቱ የጄፐርዲ ዝነኛ አሸናፊዎች፣ ከኬን ጄኒንግስና ከብራድ ራተር ጋር ተወዳድሮ አሸነፈ። እሱ 77,147 ዶላር ይዞ ጨረሰ፤ ጄኒንግስ 24,000፣ ራተር 21,600። እንግዳው የሰሙት እስከዚህ ድረስ ነው። የቀረውን ልንገራቸው። ዋትሰን ሲወዳደር ኢንተርኔት አልነበረውም። 200 ሚሊዮን ገጽ ያህል ጽሑፍ አስቀድሞ ሆዱ ውስጥ ከትቶ፣ የያዘውን ብቻ ይዞ ነው መድረክ የወጣው። ማለት፣ ማሽኑም ሸምድዶ ነው የመጣው! ስልክ ማየት ለእሱም ክልክል ነበር።

እሱም ቢሆን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

ጄፐርዲ ላይ የሚመልሰው ቁልፉን ከሌሎቹ ቀድሞ የተጫነ ነው፤ የተሳሳተ ሰው ደግሞ ገንዘብ ይቀነስበታል። ስለዚህ ቁልፉን ከመጫንህ በፊት ለራስህ የምትመልሰው አንድ ጥያቄ አለ። «መልሱ ምንድን ነው?» አይደለም። «አውቀዋለሁ ወይ?» ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። መልሱ ገና አፍህ ላይ አልደረሰም። የሆነ ቦታ እንዳለ ግን ይሰማሃል። ያንን ስሜት አምነህ ትጫናለህ፤ ከዚያ በሚሰጡህ ጥቂት ሰከንዶች ከተደበቀበት ጎትተህ ታወጣዋለህ። የተወዳደረ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ጣቱ ከምላሱ ቀድሞ ነው የሚወስነው።

የአይቢኤም መሐንዲሶች ካለፉባቸው ከባድ ሥራዎች አንዱ ይኼው ነበር። ማሽኑ መልስ እንዲያገኝ ብቻ አይደለም፤ ባገኘው መልስ ምን ያህል እንደሚተማመን እንዲያሰላም ጭምር። መተማመኑ ዝቅ ካለ አይጫንም። ዝም ይላል። ዝም ማለት! እስቲ በዚያ ውይይት ላይ ይህንን ችሎታ ያሳየ አንድ ሰው ነበር?

ታዲያ ይህ ማሽን በመጀመሪያው ጨዋታ የመጨረሻ ጥያቄ ላይ ምን ሆነ? ርዕሱ «የአሜሪካ ከተሞች» ነው። ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀግና ስም፣ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ጦርነት በተካሄደ ውጊያ ስም የተሰየመላት ከተማ ማን ናት? ኦሄርና ሚድዌይ። ቺካጎ። ሁለቱም ሰዎች መለሱት። ዋትሰን «ቶሮንቶ» ብሎ ጻፈ። ቶሮንቶ ካናዳ ነው ያለችው። ተመልካቹ ሳቀ። ግን ልብ በሉ፤ ማሽኑ ከመልሱ ቀጥሎ አምስት የጥያቄ ምልክት ደርድሯል። መጨረሻው ጥያቄ ላይ ሁሉም መጻፍ ግዴታው ስለሆነ እንጂ ዝም ማለት ቢፈቀድለት ዝም ባለ ነበር። ካጠራቀመው ገንዘብ በዚህ መልስ ላይ ያስያዘውም 947 ዶላር ብቻ ነው። እንደማያውቅ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

የእንግዳው ስልክ ይሄን ያደርጋል? ጠይቁት፤ ትክክሉንም ስህተቱንም በአንድ ዓይነት ፊት ነው የሚያመጣላችሁ። የቱን እንደምታምኑ የሚወስነው ያ የናቁት ጭንቅላት ነው። እዚያው ውድድር ላይ ጄኒንግስ አንድ ጥያቄ በስህተት «ሃያዎቹ» ብሎ መለሰ። ዋትሰን ተከትሎ ምን አለ? «1920ዎቹ»። ጆሮ አልነበረውማ! አጠገቡ ያለው ሰው አሁን የተሳሳተውን ስህተት ደገመው።

አሁን ስለ ራሴ። የተወዳደርኩበትን ፕሮግራም ስም አልጠራም፤ ጥፋቱም የራሴ አውራ ጣት ነው። ሦስት ነበርን። ቁልፉ ወፈር ያለ እስክሪብቶ የሚያክል ነገር ነው፤ ጫፉ ላይ በአውራ ጣት ይጫናል። መዳፌ አልቦኝ ሁለት ጊዜ ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት። ጠያቂው «አንድ ቀኗ ከአንድ ዓመቷ የሚረዝም...» ሲል አወቅሁ። ቬነስ ናት። በራሷ ላይ አንድ ጊዜ ለመዞር 243 የምድር ቀን ይፈጅባታል፤ ፀሐይን ለመዞር ግን 225 ገደማ ይበቃታል። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ተጫንኩ። ጥያቄው አላለቀም ነበር። ሳያልቅ የተጫነ ቁልፉ ይቆለፍበታል። ደግሜ ተጫንኩ፣ ደጋግሜ ቀጠቀጥኩት፤ ወይ ፍንክች። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ጥያቄው እስኪያልቅ ጠበቀች፣ አንዴ ጫን አደረገችና «ቬነስ» አለች።

ሦስተኛ ወጣሁ። ከሦስት።

ፕሮግራሙ በተላለፈ ማግስት ስልኬ አላረፈም። ዘመዶቼ ሁሉ «ይሄንንማ እኔም አውቀው ነበር» አሉኝ። እኔም አውቀው ነበር እኮ! ሶፋ ላይ የተሸነፈ ሰው የለም። ሶፋ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ የለም፣ የሚቆለፍ ቁልፍ የለም፣ የተሳሳቱትን የሚቆጥር የለም። የመለሱትን ያስታውሳሉ፣ ያልመለሱትን «አፌ ላይ ነበር» ይላሉ።

ጄፐርዲ ላይ እስከ 1985 ድረስ ተወዳዳሪው ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ መጫን ይችል ነበር። ያን ዓመት ደንቡ ተቀየረ። አሁን አንባቢው ሲጨርስ ከሰሌዳው ዳር መብራት ይበራል፤ ከዚያ በፊት የተጫነ ለሩብ ሰከንድ ይቆለፍበታል። ሩብ ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ጠይቁኝ። ኬን ጄኒንግስ በ2004 በተከታታይ 74 ጊዜ አሸንፎ 2,520,700 ዶላር ሲወስድ አጠገቡ የቆሙት ሰዎች መሃይሞች አልነበሩም። ፈተና አልፈው ነው የገቡት። አብዛኛውን ጥያቄ እነሱም ያውቁት ነበር ብዬ እወራረዳለሁ። እሱ ግን ያቺን ሩብ ሰከንድ ያውቃታል። እስቲ እሷን ሸምድዱ!

በ2019 ደግሞ ጄምስ ሆልዝሃወር መጣ። ሥራው የስፖርት ውርርድ ነው። ሌላው ከርካሹ ጥያቄ ሲጀምር እሱ ከውዱ ጀመረ፤ ገንዘብ ካጠራቀመ በኋላ እጥፍ የሚያስገኘው ጥያቄ ሲገጥመው ያለውን ሁሉ አስያዘ። በአንድ ጨዋታ ብቻ 131,127 ዶላር አፍሷል። ሲዘጋጅስ ምን አነበበ? የልጆች መጻሕፍት። እሱ ራሱ ነው ያለው፤ የሚሰለቸውን ርዕስ ሁሉ ልጆች እንዲወዱት ተደርጎ ከተጻፈው ተማረ። ሸምዳጅ እንዲህ አያስብም። 32 ጊዜ ካሸነፈ በኋላ በ33ኛው እሱን ያሸነፈችው አንዲት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናት። የማስተርስ ጽሑፏን የሠራችው በምን ላይ መሰላችሁ? የጄፐርዲን ጥያቄ ክብደት ከአጻጻፉ አስቀድሞ መገመት ይቻል እንደሆነ። እንግዳችን ይህችንም «ሸምዳጅ» ሊሏት ነው።

«ደግሞ ሁሉም የተቀነባበረ ድራማ ነው» ያሉት ሌላኛው ተወያይ ጉዳይ ብዙ አያቆየኝም። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እውነት ነበር። «ትዌንቲ ዋን» የተባለ ውድድር ላይ ለተወዳዳሪዎች መልስ ይነገር ነበር፤ መቼ እንደሚሸነፉ ሳይቀር ይነገራቸው ነበር። ተጋለጠ፤ ቅሌት ሆነ፤ በ1960 ማጭበርበሩን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ሰባ ዓመት ሊሞላው ያለ ቅሌት ይዞ የዛሬውን ሁሉ ሌባ ማለት ክርክር አይባልም።

አንድ ነገር ልመን፤ ዕድል አለበት። የማታውቀው ርዕስ ሰሌዳውን የሞላ ቀን ምንም ብትሆን አትተርፍም። ከዚህ በላይ ግን አንዲት ነገር አልሰጣቸውም። ሽልማቱ ያሳፍራል የሚሉት ሰው እኮ በዚያች ምሽት ስለ አምስት ጉዳይ አስተያየት ሰጡ፤ አንዱንም «አላውቀውም» አላሉም። ውድድር ላይ ቢሆኑ ከዜሮ በታች ወርደው ነበር።

ለነገሩ ዕድሉን አግኝተው ነበር። አወያዩ ሳቁን ሲጨርስ ለቀልድ ያህል «እሺ፣ ሰው መጀመሪያ ጨረቃ ላይ የወጣው በስንት ነው?» አላቸው። «አንዴ...» አሉና ስልካቸውን ወደ ፊታቸው አስጠጉ። አልከፈተም። መነጽራቸውን አወለቁ። አሁንም አልከፈተም። የይለፍ ቁጥር ጠየቃቸው፤ መነጽሩን መልሰው አጠለቁና መጻፍ ጀመሩ። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ወጣት «1969» አለች። ማስታወቂያ ገባ።