ሱቫ ተሸነፈች፤ እኔ ምን ላድርግ?

ባለፈው እሁድ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ በሚገኝ አንድ ዘመድ ቤት፣ አቦሉ ገና ሳይቀዳ አንድ ጎልማሳ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ገባና አጠገቤ ተቀመጠ። ሰው የሞተበት መስሎኝ «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» አልኩት። «ሱቫ እኮ ተሸነፈች፣ ጋሼ፤ ያውም በመጨረሻው ዙር፣ በመጨረሻው ኢኒንግ!» ሲል መለሰልኝ። ሱቫ የፊጂ ዋና ከተማ መሆኗን አውቃለሁ፤ እሱ የሚያለቅስላት የቤዝቦል ቡድኗ ግን የምትገኘው በራሱ ጥቁር ደብተር ውስጥ ብቻ ነው።

ልጁ «የኦሺኒያ ሊግ» የሚል ውድድር ከአእምሮው አፍልቆ፣ የፓሲፊክ ደሴቶች ከተሞች ለሆኑት ለሱቫ፣ ለአፒያ፣ ለኑሜያና ለፖርት ቪላ ቡድን አቋቁሞ፣ ተጫዋች ቀጥሮ፣ ማታ ማታ ሁለት ዳይስ እየወረወረ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያጫውታቸዋል። ደብተሩን ገልጦ ሲያሳየኝ የደረጃ ሰንጠረዡ በማስመሪያ ተሰምሯል፣ ሽንፈቱ በቀይ ተጽፏል፣ በኅዳጉ ላይ የአንዱ ኳስ ወርዋሪ የክርን ሕመም ሳይቀር ተመዝግቧል። ወራቱ በደቡብ ፓሲፊክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆኑ የፖርት ቪላ አንድ ጨዋታ ተሰርዞ ለተመልካቹ የትኬት ገንዘብ ተመልሷል። ለሌለ ተመልካች የሌለ ገንዘብ የሚመልሰው ይኸው ሰው፣ ከእኔ የተዋሰውን መሰላል እስከ ዛሬ አልመለሰም።

በምናቡ መጫወቱ አይከፋኝም፤ የሚያናድደኝ ለቅሶ ደራሽ መፈለጉ ነው። ቡና ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ዛሬ ዛሬ የየራሱን ሐዘን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ የአርሰናልን፣ ሌላው አይተን የማናውቀውን የጎረቤቱን የአጥር ክርክር፤ የሰሚው ሥራ በየመሐሉ «ውይ!» ማለት ብቻ ነው። ሱቫን የመሰለ ለቅሶ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ሌላው ቢቀር እዚሁ ሜልበርን፣ ላቨርተን አካባቢ እውነተኛ የቤዝቦል ሜዳ አለ። ሜልበርን ኤስስ የተባለው ቡድን ለዓመታት እዚያ ሲጫወት፣ እ.ኤ.አ. በ2020ም ከ1934 ጀምሮ ሲያፎካክር የኖረውን የአውስትራሊያ ቤዝቦል ሻምፒዮና ሽልማት፣ የክላክስተን ጋሻን ሲያነሳ፣ ይህ ልጅ አንድ ቀን ትኬት ቆርጦ አልገባም። የፈጠራ ያለህ የሚል ሰው ደግሞ እውነተኛውን የአውስትራሊያ ቤዝቦል ሊግ ቢመለከት ይበቃው ነበር። ሊጉ በ2018 ከኦክላንድ የተቀበለው ቡድን የተሰየመው በቱዋታራ፣ ከኒውዚላንድ በቀር የትም በማይገኝ እንሽላሊት መሳይ ፍጥረት ነው፤ አብሮት የገባውና ጂሎንግ የምትባለውን የአውስትራሊያ ከተማ የወከለው ቡድን ደግሞ ከኮሪያ በመጡ ተጫዋቾች የተሞላ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ሊፈጥር ነው?

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና «ዳይሱን የወረወርከው አንተው አይደለህም? እንደገና ወርውረውና ሱቫ ታሸንፍልህ!» አልኩት። «እንዴ ጋሼ! ይሄማ ማጭበርበር ነው!» ብሎ ደብተሩን ወደ ደረቱ ሳበው።

ይህ መልስ የቆየ ቂሜን ቀሰቀሰብኝ። ከዓመታት በፊት አባል የነበርኩበት አንድ ማኅበር ሊቀመንበር ሲመርጥ፣ ውጤቱ ያልጣማቸው ሰዎች ቆጠራው ተሳስቷል ብለው ለሁለተኛ ጊዜ እጅ አስወጡን። አሁንም ሳይጥማቸው ቀረና፣ ግማሹ ሰው ልጅ ሊያስተኛ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ እጅ አስወጡን። በሦስተኛው የተመረጠው ሰው የምስጋና ንግግሩን የጨረሰው አዳራሹን የተከራየንበት ሰዓት ሲያልቅ ነው፤ የማኅበሩ ሒሳብ ግን እስከ ዛሬ አልቀረበም። ስለ ሒሳቡ በቀልድ መልክ ያነሳሁበት ጊዜ እንዴት እንደተቆጣ አልረሳውም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ተረት ከሁሉ አብልጬ የምወደው ስለዚህ ነው። የድሮ ጌቶች የገናን በዓል ለማክበር ከአሽከሮቻቸው ጋር ሜዳ ወርደው፣ ሩሩን በቆልማማ ዱላ እየተሻሙ፣ ስድብ አዘል ዘፈን ሲዘፈንባቸው ስቀው ያልፉ ነበር። ዱላና ኳስ ከተነሳ አይቀር ይህን የመሰለ ጨዋታ ያለው ሰው ሱቫ ድረስ ምን ያስኬደዋል? ልጁ ግን የገና ዕለት፣ ማለትም ጃንዋሪ 7፣ በሜልበርን ሙቀት ዶሮ ወጡ ቀርቦ ስንጠራው፣ ኑሜያ ሜዳ ላይ ናት ብሎ ከጓዳ አልወጣም።

ለማኅበሩ ሊቀመንበር ያጣሁትን መድኃኒት ያገኘሁት እዚሁ ቤዝቦል ውስጥ ነው። የአሜሪካው ታላቁ ሊግ በ2023 ለወርዋሪዎች ኳሱን እስኪወረውሩ የሰዓት ገደብ አወጣ፤ ቤዝ ላይ፣ ማለትም በሯጩ ማረፊያ ላይ፣ ሰው ከሌለ 15፣ ካለ 20 ሴኮንድ፤ የዘገየ ይቀጣል። በዚያ ዓመት የአንድ ጨዋታ አማካይ ርዝመት ከ20 ደቂቃ በላይ አጠረ። ይህ ሰዓት በየስብሰባው፣ በየሠርጉ፣ በተለይም «ሁለት ቃል ብቻ ልበል» ብሎ ማይክሮፎን በሚቀበል ሰው ፊት ለምን እንደማይሰቀል አይገባኝም።

ልጁ ሊጉ የፍጻሜ ውድድር እንደቀረውና እሱም ሰባት ጨዋታ እንዳለው፣ ሱቫም በሒሳብ ስሌት ገና ተስፋ እንዳላት ነግሮኛል። በመጪው እሁድ ቡናው እኛ ቤት ነው። ለእያንዳንዱ ጨዋታ 20 ሴኮንድ ፈቅጄለታለሁ፤ የክርኑንም የአውሎ ነፋሱንም ወሬ ጨምሮ። መሰላሉንም ይዞ ይምጣ።