የፈረሱን አፍ ማን ይይለት?

የምሠራው ሰሜን ጀርመን ውስጥ፣ ፈረስ በሚገራበት ጋጣ ነው። የሦስት ዓመት ፈረስ መጀመሪያ ልጓም ሲገባለት የሚደረገውን ጥንቃቄ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የምናደደው በእነሱ አይደለም፣ በእኛ በኢትዮጵያውያን ነው።

መጀመሪያ የጥርስ ሐኪም ይመጣል፤ በዚያ ዕድሜ ፈረስ የወተት ጥርሱን ስለሚቀይር ድዱ ያመዋል። የልጓሙ ብረት የሚያርፈው በፊት ጥርስና በመንጋጋ ጥርስ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ከስስ ሥጋ ሥር ያለው አጥንት ብቻ ነው። ቀጥሎ በረጅም ገመድ ክብ እየዞረ ሶምሶማ ይማራል። ዛብ፣ ማለትም ከልጓሙ ወደ ጋላቢው እጅ የሚመጣው ማሰሪያ፣ የሚያዝበት ቀን ሲደርስም ወደ ኋላ የሚጎትተው የለም። ጋላቢው በእግሩ ወደ ፊት ይገፋዋል፣ እጁ የአንገቱን እንቅስቃሴ እየተከተለ ሳይላላም ሳይጠብቅም ይቆየዋል። ፈረሱ ራሱ አንገቱን ዘርግቶ እጅ ፍለጋ ይመጣል። ብረቱን ረጋ ብሎ ካላመጠ፣ ከንፈሩ ላይ አረፋ ብቅ ካለ፣ ገብቶታል። ራሱን ወደ ላይ ከወረወረ አሠልጣኟ «እጅህን!» ብላ ትጮኻለች። ፈረሱን ስትቆጣ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ልጓሙን ራሷ በሁለት እጇ ያዘች፣ ዛቡን ለእኔ ሰጠችና ዓይኗን ጨፈነች። ጣቴን ጠበቅ ሳደርግ «አሁን ጨበጥክ»፣ ትከሻዬ ሲከብድ «አሁን ፈራህ» አለችኝ። ሰው በመዳፉ ይህን ያህል ከተሰማው፣ የቢሾፍቱ ጋሪ ፈረስ በድዱ ምን ይሰማው?

ያ ፈረስ ከአርማታ ብረት የተቀጠቀጠ ልጓም ጎርሶ ይውላል። የከንፈሩ ጥግ ተቀዶ፣ ድኖ፣ እንደገና ተቀዶ ጠባሳ ሆኗል፤ ዝንብ አይለየውም። ለመታጠፍ መንጨቅ፣ ለመቆም መንጨቅ። ሲደነዝዝ ደግሞ «ይኼ ፈረስ አፈ ደረቅ ነው» ይባላል። ማን አደረቀው?

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚወጣው የአገው ፈረሰኛ ያኮራኛል። ያንን ግልቢያ እዚህ ካሉት ብዙዎቹ አይሞክሩትም። ግን ቪዲዮውን ስታዩ ፈረሱ ሲቆም አፉን እዩት፤ አንዳንዱ በርግዶ ራሱን ወደ ሰማይ ያነሳል። ግርማ ይመስላል፣ ሕመም ነው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እያልን የምንጠራ ሕዝብ ነን እኮ! በፈረስ ስም ነግሠን የፈረስን አፍ እንዴት እንረሳለን?

ፈረንጅ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። እዚህም ለውድድር ሲሉ የፈረሱን አፍንጫ በማሰሪያ ጥርቅም አድርገው የሚያስሩ አሉ። ለዚህም ነው ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ከ2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጥብቀቱን በመለኪያ የሚያስፈትሸው። የሚገሩበት ሥርዓትም ቢሆን የቅንጦት አይደለም፤ መሠረቱ በ1912 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የጀርመን ፈረሰኛ ጦር መመሪያ ነው። ወታደሩ በአንድ እጁ መሣሪያ ይዞ በሌላው የሚታዘዝለት ፈረስ ይፈልግ ነበር።

ይህን ለአክስቴ ልጅ ነገርኩት፤ ጋሪ ነጂ ነው። «ወንድሜ፣ አንተ ስለ ፈረስ አፍ ታስባለህ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ የልጆቼ አፍ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን የልጆቹን አፍ የሚሞላው ያው የቆሰለው አፍ ነው። አፉን ያመመው ፈረስ ገብሱን አላምጦ አይበላም፣ ይከሳል፣ ጋሪው ይከብደዋል፤ በመጨረሻ አስፋልት ዳር ይጣልና ለሌላ ፈረስ ብድር ይፈለጋል። የብረቱን ስለት በሞረድ አለስልሰው፣ ፈረሱ እንደታዘዘህ ዛቡን ወዲያው አላላለት፣ ለዚህ ዶላር አያስፈልግህም አልኩት። «እሺ አያለሁ» ብሎኛል። እስካሁን አላየውም። እስኪያየው ድረስ እደውላለሁ።