ባል ማለትስ ነፍሰ ገዳይ!

ሰሞኑን ስልኬ አንድ ቪዲዮ አቀበለኝ። አንዲት አንባቢ መጽሐፏን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትንሰቀሰቃለች። ምን ነክቷት ይሆን ብዬ ሰማሁ። የልቦለዱ ጀግና ለፍቅረኛው ሲል አሥራ አንድ ሰው ገድሏል። የምታለቅሰው ግን ለሟቾቹ አይደለም። «እኔን እንዲህ የሚወደኝ መቼ ይመጣል?» ብላ ነው። ከሥሩ አስተያየቱ ይንጋጋል። «የኔም ይግደልልኝ!» «እህቴ፣ የመጽሐፉን ስም ጣይልን!»

እናንተም ሳታዩት አትቀሩም። ዳርክ ሮማንስ የሚሉት፣ ነፍሰ ገዳይና አፋኝ የፍቅር ጀግና የሚሆንበት የልቦለድ ዓይነት የማይገባበት ስልክ የለም። ስለዚህ ተሸንፌያለሁ፤ እኔም ላወድስ።

በቅድሚያ ሙያውን እናድንቅ። ጀግናችን ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜው የመላው ከተማ የማፍያ አለቃ ሆኗል። ጥቁር ሱፍ፣ አንገቱ ላይ ታቱ፣ ፈገግታ የማያውቅ ፊት። ሥራው ምን እንደሆነ ግን የሚነግረን የለም። «ሥራ አለብኝ» ብሎ ይወጣል፣ እጁን ታጥቦ ይመለሳል፣ አለቀ። ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ «ክፈል፣ አለዚያ እናቃጥልሃለን» የሚሉበትን ክፍል ደራሲዋ ዘላዋለች። ደግ አደረገች፤ ፍቅር ያበርዳል። ሲሲሊ ውስጥ ሊቤሮ ግራሲ የሚባል የልብስ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ለማፍያ አልከፍልም ብሎ ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ አወጣ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1991 ፓሌርሞ ውስጥ በጥይት ገደሉት። እንዲህ ያለው ሰው በልቦለዱ ውስጥ ቦታ ካገኘ፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ «ዕዳውን ያልከፈለ ግትር ሽማግሌ» ተብሎ በአንድ መስመር ያልፋል።

እኔን የሚያስደምመኝ ግን ትከሻው ነው።

ጀግናው በየመጽሐፉ ይመታል። የሚመታውም ትከሻውን ነው። ስድስት ሰው መትረየስ ይዞ ቢያርከፈክፍበት ከዚያ ሁሉ ጥይት አንዷ ብቻ ታገኘዋለች፤ እሷም ግራ ትከሻውን። ቀኙ ልጅቷን ለማቀፍ ይፈለጋል። ጉልበቱን አይመታም፣ ማንከስ ለሱፉ አይሆንም። መቀመጫውን አይመታም፣ የስፌቱ ትዕይንት ይበላሻል። ደሙ እየፈሰሰ በአንድ እጁ መኪና እየነዳ ቤቱ ይገባል። ሐኪም? ምን ሲደረግ! «አንቺ ስፊኝ» ይላታል። እስከ ትናንት መጽሐፍ መሸጫ ውስጥ ትሠራ የነበረች ልጅ፣ ከቁልፍ በቀር ሰፍታ የማታውቅ፣ ውስኪ ታፈስበትና መርፌዋን ትሰካለች። «እህ» እንኳ አይልም። ዓይን ዓይኗን ያያል።

እንግዲህ ከአጥንተ አንገት ሥር ወደ ክንድ የሚወርድ ትልቅ የደም ቧንቧ አለ። ክንድን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮችም በዚያው ነው የሚያልፉት። ጥይት ቧንቧውን ካገኘው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈሶ ሊያልቅ ይችላል። ነርቮቹን ካገኘ ክንዱ እንደተንጠለጠለ ሊቀር ይችላል። የኛ ሰው ሦስት ገጽ ሳንገልጥ በዚያው ክንዱ ተሸክሟት ፎቅ ይወጣል! ስፌቱ አይተረተርም። ቁስሉ አያመረቅዝም። ትኩሳት የለ፣ የቴታነስ መርፌ የለ። ነጩን የሐር አንሶላ ማን እንደሚያጥበው የሚጠይቅ የለም። መቼም አንዲት እንደ ልጇ የምትወደው አሮጊት የቤት ሠራተኛ አለች፤ ደም ስታጥብ ኖራ አንድ ቀን «ልጄ፣ ይሄ የማነው?» አላለችም። ቀጣዩ ቅጽ ይመጣል፣ እዚያው ትከሻ ላይ ደግሞ ይመታል። ወንፊት ሆኖ እንኳ ጡንቻው አልቀነሰም።

ፍቅሩማ ምን ይወጣለታል! አፍኖ ያመጣታል፣ በር ይቆልፍባታል፣ ስልኳን ይቀማታል፣ መኝታ ክፍሏ ካሜራ ይተክላል። ሁሉም ለደህንነቷ ነው። ይህን አንብባ የምትቀልጠው አንባቢ «የት ነሽ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ቴክስት ያደረገላትን ምስኪን ብሎክ ያደረገች ናት። ምስኪኑም በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ምዕራፍ አንድ ላይ። መምህር ነው፣ ስትደውል ያነሳል፣ ቀጠሮ ያከብራል። ስለዚህ ይደብራል፤ ቶሎ ይሸኛል።

አንድ ገጽ ሳያነቡ ትምህርቱን የቀሰሙ ወንዶችም አሉ። ድምፃቸውን አጎርንነው «የኔ ነሽ» ማለት ጀምረዋል። ቪላው የለ፣ ሱፉ የለ፣ ቅናቱን ብቻ አንጠልጥለው መጡ።

«ልቦለድ እኮ ነው!» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። የሚያስፈራ ሰው በመጨረሻው ምዕራፍ ተንበርክኮ ሲያለቅስ ማየት ደስ ይላል። ካስጠላትም አንባቢዋ መጽሐፉን ትዘጋዋለች። ይሄ ይገባኛል። የማይገባኝ መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣው ምኞት ነው። «ለሌላው ጨካኝ ነው፣ ለእሷ ግን አንጀቱ አይችልም» የሚለው ተረት።

ሊያ ጋሮፋሎ የምትባል ጣሊያናዊት ነበረች። የልጇ አባት የንድራንጌታ ሰው ነበር፤ የካላብሪያው ማፍያ ነው። ያየችውን ለሕግ ተናገረች። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009 ሚላን ውስጥ ራሱ ከግብረ አበሮቹ ጋር ገደላት። 35 ዓመቷ ነበር። አስከሬኗን አቃጠሉት። ፍርድ ቤት ቆማ በአባቷ ላይ የመሰከረችው የገዛ ልጃቸው ናት። ለሊያ የተረፈ አንጀት የት ነበር? ይህን መሰል ሰው ጡንቻ ቀጥሎ፣ ሱፍ አልብሶ «ባል ከተባለ እንዲህ ነው» እያሉ ልብ መበተን ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም።

ይቅርታ፣ ሙዳችሁን አበላሸሁ። ወደ ውዳሴዬ ልመለስ።

የእነዚህ መጻሕፍት የመጀመሪያ ገጽ ሳይመሰገን አይታለፍም። ብዙዎቹ ማስጠንቀቂያ አላቸው። ግድያ፣ አፈና፣ ማሰቃየት፣ አስገድዶ መድፈር፣ ሁሉም እንደ ምግብ ዝርዝር ተደርድሯል። አንባቢዋ ወደ ታች ትወርዳለች፣ ትወርዳለች፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። አንዳንድ ደራሲ አውቃላት መጨረሻ ላይ ትጽፍላታለች፦ «አይዟችሁ፣ ውሻው አይሞትም።»

እፎይ! ሰውስ እሺ፣ ውሻ ሲሞት ማን አንጀቱ ይችላል?