ዝገት ለማየት ቲኬት ቆረጥኩ

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል መኪና ነድቼ፣ ለአራት ሰው ቲኬት ቆርጬ፣ ሣር የበቀለበት አፈር አይቼ ተመለስኩ። ነፋሱ እንደ መንዝ ነፋስ ነው። ዝተት የለም እንጂ።

ጥፋቱ የልጄ ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ከሺህ ዓመት በፊት እዚህ ይኖሩ ስለነበሩት አንግሎ ሳክሰኖች ይማራል። ልጄም ከቁርስ ካርቶን የራስ ቁር ሠርቶ፣ በወጥ ቤት ፎይል ጠቅልሎ፣ ሳምንቱን ሙሉ እሱን እንዳጠለቀ ነው እራት የበላው። ቅንድቡ ላይ ሽሮ ነክቶታል። «እውነተኛውን ካላየሁ» ብሎ ድርቅ አለ። ሰተን ሁ ወሰድኩት። የራስ ቁሩ ተቆፍሮ የወጣበት የአንግሎ ሳክሰኖች የመቃብር ቦታ ነው፣ ሰፎክ ውስጥ፣ ዴበን ከሚባል ወንዝ በላይ። ደርሰን ነው እዚያ ያለው ቅጂው መሆኑ የተነገረን። እውነተኛው ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ፣ ከቤታችን በአንድ አውቶቡስ የምንደርስበት ቦታ፣ ያውም በነጻ ይታያል። ሚስቴ ምንም አላለችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ታዲያ እዚያ ምን አለ? ጉብታ። ሌላ ጉብታ። ከዚያም ሌላ።

ግን አንዲት በጎ ፈቃደኛ ባልቴት አስጎበኙን። እንደሳቸው ስለ ዝገት የሚያወራ ሰው አይቼ አላውቅም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በ1939 ኤዲዝ ፕሪቲ የተባሉ ባለርስት፣ ግቢያቸው ያለውን ጉብታ ባዚል ብራውን ለሚባል ሰው ያስቆፍራሉ። ብራውን በ12 ዓመቱ ትምህርት ያቆመ፣ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነው። አንድ የዛገ ምስማር ይገኛል። ብራውን አልነቀለውም። እንዳለ ትቶ ዙሪያውን በቀስታ ጠረገ። ቀጥሎ ሌላ ምስማር፣ ቀጥሎ ሌላ። እንጨቱን አሲድ ያለበት አሸዋ በልቶት አልቋል። ምስማሮቹ ግን በየቦታቸው ቆመው 27 ሜትር የሚረዝም የመርከብ ቅርጽ አሸዋው ላይ ታትሞ ወጣ።

ምስማሩን አልነቀለውም! ሴትዮዋ እዚህ ላይ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኔ ደግሞ አባቴን አሰብኩ። አባቴ ምስማር ካገኘ ድንጋይ ላይ አስተኝቶ፣ በመዶሻ አቅንቶ፣ ኪሱ ይከታል። እኛ ቤት ሆኖ ቢሆን ያ መርከብ ዛሬ የበር ማጠፊያ ነበር።

ከብራውን በፊት የመጡ ሌቦችም ነበሩ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ወርቅ ፈላጊዎች ይህንኑ ጉብታ ቆፍረዋል። የጉብታው አንድ ጎን በጊዜ ብዛት ተቆርጦ ስለነበር መሐሉን ሳቱት። ጉድጓዱ ውስጥ እሳት የነደደበትና የተሰበረ ማሰሮ ተገኝቷል። ምሳቸውን በልተው፣ ተስፋ ቆርጠው ሄደዋል ማለት ነው። ጥቂት ራቅ ብሎ ከ400 ግራም በላይ የሚመዝን የወርቅ ዘለበት ተኝቶ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል እንኳን የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው በ1939 ነሐሴ የአካባቢው ሰዎች በሰተን መንደር አዳራሽ ለፍርድ ተቀመጡ። ንብረቱ የማን ነው? መልሶ ለማውጣት ታስቦ የተቀበረ አይደለምና የንጉሡ ሳይሆን የባለመሬቷ ነው አሉ። ኤዲዝ ፕሪቲም ሁሉንም ለብሪቲሽ ሙዚየም በነጻ ሰጡ። ወዲያው ጦርነቱ መጣ፣ ዕቃው ለንደን የባቡር ዋሻ ውስጥ ከረመ። ልጄ ካላየሁ ያለው የራስ ቁር ከ500 በላይ ስብርባሪ ሆኖ ነው የወጣው። አንድ ጊዜ ገጣጠሙት። አልሆነም ብለው በ1970 አፍርሰው እንደገና ጀመሩ። እኔ የመጽሐፍ መደርደሪያ ለመግጠም ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኝ አንድ ብሎን ተርፎኛል።

ማን እንደተቀበረ እንኳ በእርግጠኝነት አያውቁም። በ620ዎቹ የሞተው የምሥራቅ አንግሊያ ንጉሥ ሬድዋልድ ነው ይላሉ ብዙዎቹ። አስከሬን የለም፣ አሸዋው በልቶታል። ቦርሳው ውስጥ 37 የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ። ሁሉም ከፍራንኮች አገር፣ ከዛሬዋ ፈረንሳይ ወገን፣ የመጡ ናቸው፣ አንግሎ ሳክሰኖቹ የራሳቸው ሳንቲም ገና አልነበራቸውማ። እዚህ ላይ ደረቴን ነፋሁ። አክሱም በዚያን ጊዜ የወርቅ ሳንቲም ማተም ከጀመረች 300 ዓመት አልፏታል። ለልጄ በጆሮው ነገርኩት። «ታዲያ የታለ?» አለኝ። አክሱም ውስጥ ልጆች ለቱሪስት በእጃቸው ይዘው ሲሸጡት አይቻለሁ ብዬ እንዴት ልንገረው? «ሙዚየም አለ» ብዬ አለፍኩት።

ሌላም አለ። ሊንከንሻየር ውስጥ፣ ስክሬምቢ በሚባል መንደር፣ ከዚያ ቀደም ብለው የተቀበሩ አንግሎ ሳክሰን ሴቶች አጠገብ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ የቦርሳ ቀለበቶች ተገኝተዋል። ቢመረመር የአፍሪካ ዝሆን ሆነ። በአዶሊስ ወደብ የወጣ ነው ብዬ አልምልም። አዶሊስ ግን የዝሆን ጥርስ በመላክ የታወቀች ነበረች፣ እኔም በልቤ ወስኛለሁ።

ጉብኝቱ ሲያልቅ ባልቴቷ ወደኔ ዞሩ። «እናንተ አገርስ?» አሉኝ። ላሊበላ አልኩ፣ አክሱም አልኩ፣ የተለመደውን ዘረዘርኩ። «እሱስ ነው፣ አንተ ያደግህበት አካባቢስ?» ሲሉ ምላሴ ተሳሰረ።

ያደግሁት መንዝ ነው። ከቤታችን በላይ ድንጋይ የተከመረበት ጉብታ አለ። በግ ስንጠብቅ ከነፋስ የምንጠለለው እሱ ሥር ነበር። አያቴን ምንድን ነው ስላት «የግራኝ ጊዜ ነው» አለችኝ። እኛ ጋ ያረጀ ነገር ሁሉ የግራኝ ነው። (አንግሎ ሳክሰኖቹም ሮማውያን ትተውት የሄዱትን ፍርስራሽ «የግዙፎች ሥራ» እያሉ ይገጥሙ ነበር። እንግዲህ ከአያቴ ጋር ይስማማሉ።)

ማታ ቤት ገብቼ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አፈርኩ። በመንዝና በይፋት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ጉብታዎችን ቆፍረዋል። መሻላ ማርያም ጭምር። ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ የኖሩ፣ ክርስቲያንም እስላምም ያልነበሩ ሰዎች መቃብር ነው። ሸክላ፣ አምባር፣ ዶቃ አብሯቸው ተቀብሯል። የሻይ ባህል ይሉታል፣ የወንዝ ስም ነው። እኔ ደግሞ ከነፋስ መጠለያ ብዬ ተደግፌ ቆሎ በልቼበታለሁ።

በማግስቱ ልጄን ብሪቲሽ ሙዚየም ወሰድኩት። ክፍል 41። እውነተኛው የራስ ቁር በመስታወት ውስጥ፣ በመብራት ደምቆ፣ አጠገቡ የሰጪዋ ስም ተጽፎ ቆሟል። ልጄ አፉን ከፈተ። እኔ ግን እዚያው ሕንፃ ስለሚገኙት ታቦታት ነበር የማስበው። 11 ናቸው። ካህን ብቻ ነው ማየት ያለበት ተብሎ ተዘግቶባቸዋል፣ የሙዚየሙ ሠራተኞች ራሳቸው አያዩአቸውም። ማክበራቸው ጥሩ። እስከዚህ ከገባቸው ታዲያ ካህኑ ያለበት አገር ቢልኩትስ? በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው ጦር የዚህኑ ሙዚየም ሰው ለቅርስ ብሎ ይዞ ነበር የሄደው። የእነሱን ንጉሥ ምስማር ሳይነቅሉ፣ የእኛን ንጉሥ ቤት በበቅሎ ጭነው! ልጄ «አባዬ፣ ለምን ትጮኻለህ?» አለኝ። ጠባቂውም ዞር ብሎ አየኝ።

ንዴቴ ሳይበርድ ለአጎቴ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ያ ከላይ ያለው ጉብታ እንዴት ነው?»

«የቱ? ድንጋዩን እኮ ለአጥር እየወሰድነው ነው። ምነው?»

እንዳይነኩት ለመንኳቸው። ነገሩ እንዲገባቸው ብዬም የእንግሊዞቹን ታሪክ አጫወትኳቸው። እንዲያውም አጋነንኩት። በ2009 ስታፎርድሻየር ውስጥ አንድ ሰው በብረት ጠቋሚ መሣሪያ የገበሬ ማሳ ሲፈትሽ 4 ኪሎ ያህል የአንግሎ ሳክሰን ወርቅ ማግኘቱን፣ አገሩ ሕግ ስላለው ማስታወቁን፣ 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ተገምቶ ከባለመሬቱ ጋር እኩል መካፈላቸውን፣ ዕቃው ደግሞ ለሙዚየም መቅረቱን ነገርኳቸው። የፈለግሁት ስለ ሕጉ እንዲሰሙልኝ ነበር።

ጋሼ ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመብኝ። «ሰማሁ ልጄ፣ ማንም አይነካውም» ብለው ዘጉት።

ትናንት ማታ መልሰው ደወሉ። ጋሼ ካርድ አቃጥለው ሲደውሉ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስለ ልጆቹ ጠየቁኝ፣ ስለ ሚስቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ብርዱ ጠየቁኝ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስማኝማ» አሉ፣ «ያ ብረት የሚያሸተው ማሽን እዚያ ስንት ነው?»