ሳይታመሙ መጋደም

ማታ ሳሎን ምንጣፍ ላይ በጀርባችሁ ተጋደሙ እስቲ። ጉልበታችሁ ሥር ትራስ፣ ላያችሁ ላይ ጋቢ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ መጥቶ "ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" ይላል። ሌላው ውሃ ይዞ ይመጣል። እናት ካለች ደግሞ ዳማከሴ ፍለጋ ትነሳለች። እኛ ቤት ሰው የሚጋደመው ወይ ሊተኛ ነው፣ ወይ ታሞ ነው። ወንዱ ሶፋ ላይ ኳስ እያየ ቢዘረጋ ግን ማንም አይጠይቀውም። ጥያቄው የሚበዛው ሴቶቹ ላይ ነው።

ይህን ያነሳሁት ሬስቶሬቲቭ ዮጋ ስለሚባለው፣ በትራስና በብርድ ልብስ ተደግፎ ተጋድሞ ስለሚሠራው የዮጋ ዓይነት ብዙ ስለሚወራ ነው። ለእንቅልፍ ይጠቅማል፣ ጭንቀት ያቀላል ይባላል። እኔም ይጠቅማል ባይ ነኝ። ለእኛ ሰው የሚከብደው ግን እንቅስቃሴው አይመስለኝም። የሚከብደው ሳይታመሙ፣ ሳይተኙ፣ ቲቪ ሳያዩ፣ ሰው እያየ ሃያ ደቂቃ መጋደም ነው።

ዮጋ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በአንድ እግሯ ቆማ የምትተጣጠፍ ቀጭን ልጅ ናት። ይሄኛው ሌላ ነው። ላብ የለውም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥቂት አቀማመጥ ብቻ ነው የሚሠራው። በእያንዳንዱ ላይ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያሉ። ክብደታችሁን የሚሸከመው መከዳው፣ ብርድ ልብሱና ግድግዳው ነው፤ የጡንቻ ሥራ የለም።

መነሻው ሕንዳዊው ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር ነው። የተወለደው በ1918 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ ዓለምን ባመሰበት ዓመት። ልጅነቱን በወባ፣ በታይፎይድና በሳንባ ነቀርሳ ሲማቅቅ አሳለፈ። ኋላ ፑኔ ከተማ ሲያስተምር ሰውነታቸው ለማይታዘዝላቸው ሰዎች ወንበር፣ ገመድና የታጠፈ ብርድ ልብስ መጠቀም ጀመረ። ከእሱ የተማረችው አሜሪካዊቷ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጁዲት ላሳተር ደግሞ ይህን ዘዴ ራሱን የቻለ ልምምድ አድርጋ በአሜሪካ አስፋፋችው። እንግዲህ ከመጀመሪያውም ለደከመ ሰው የታሰበ ነገር ነው።

የደከመ ሰው ደግሞ ሞልቶናል። ዋሽንግተን አካባቢ ያለውን ሐበሻ ተመልከቱ። ሲልቨር ስፕሪንግም ሂዱ አሌክሳንድሪያ፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ሆቴል የምታጸዳው፣ አረጋዊ የምትንከባከበው፣ ኡበር የሚነዳው ያው ነው። ሁለተኛ ፈረቃ ጨርሶ እኩለ ሌሊት ላይ ቤቱ ይገባል። ያኔ አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው። ስልኩ ይጮኻል። ወይ የታመመ ዘመድ አለ፣ ወይ የተጨመረ የቤት ኪራይ፣ ወይ ለቅሶ። ስልኩን ዘግቶ አልጋው ላይ ይወጣል። ዓይኑ ግን ይፈጣል። ሰውነቱ ሥራ ላይ እንዳለ ነው፤ ልቡ ይመታል፣ መንጋጋው ተነክሷል፣ ትከሻው ጆሮው ሥር ደርሷል። እንዲህ ሆኖ "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ይላል። እንዴት እሺ ይበለው?

አልጋ ከመውጣት በፊት ያለችውን ክፍተት የሚሞላ ነገር ነው የጠፋው። አንዱን አቀማመጥ ልንገራችሁ፣ ከሁሉም ቀላሉን። ጋቢ አራት አጥፋችሁ ግድግዳ ሥር አድርጉ። ጎናችሁን ለግድግዳው ሰጥታችሁ ጋቢው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ዞር እያላችሁ ጀርባችሁን መሬት ላይ፣ እግራችሁን ግድግዳው ላይ አሳርፉ። ዳሌያችሁ ግድግዳውን የግድ መንካት የለበትም፤ ጅማታችሁ ከተወጠረ ራቅ በሉ። ዓይናችሁን በነጠላ ሸፍኑ። መንጋጋችሁን ልቀቁ። ትንፋሽ ስታስወጡ ከምታስገቡት ትንሽ ይርዘም፤ ልብ ምቱን የሚያቀዘቅዘው ትንፋሽ በምናስወጣበት ጊዜ ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃል። እግራችሁ ከደነዘዘ ጉልበታችሁን እጠፉ። ስትነሱ ዘላችሁ አትነሱ፤ በጎን ተገልብጣችሁ ትንሽ ቆዩ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ድምፁን አጥፍቶ ደረት ላይ ማስቀመጥ አይቆጠርም።

ቡናን ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ውሸታም እሆናለሁ። ካፌይን ከጠጣነው ውስጥ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የጨረሰ ሰው ሌሊት ግድግዳ ላይ እግሩን ቢሰቅል፣ ግድግዳው ምን ያድርግለት?

የዚህ ነገር ሻጮች ግን ያበዙታል። "የጭንቀት ሆርሞንን ያጠፋል" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ቆም በሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ለስኳርና ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ የጤና ችግር ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ቡድን ሬስቶሬቲቭ ዮጋ፣ ለሌላው ተራ የሰውነት ማፍታቻ ሰጠ። በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር በተሻለ የቀነሰው በዮጋው ቡድን ነው። ኮርቲሶል፣ ማለትም ያ የጭንቀት ሆርሞን የሚሉት፣ ይበልጥ የቀነሰው ግን በማፍታቻው ቡድን ነበር። ዮጋው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ለእኔ የሚነግረኝ ሰው ጊዜ ተሰጥቶት ረጋ ሲል ሰውነቱ እንደሚያመሰግነው ነው፤ መንገዱ ከአንድ በላይ ነው። ስለዚህ ውድ መከዳ መግዛትም ሆነ በየወሩ ለስቱዲዮ መክፈል ግዴታ አይደለም። እቤት ያለው ጋቢ ይበቃል።

የሃይማኖቱን ጥያቄም ማለፍ አይቻልም። "ዮጋ የባዕድ አምልኮ ነው" የሚል ሰው አላዋቂ ተብሎ ሊሳቅበት አይገባም። ዮጋ ሥሩ ከሕንድ እምነቶች ጋር የተሳሰረ መሆኑ እውነት ነው። አንዳንድ አስተማሪዎችም ክፍለ ጊዜውን በሕንድ ዜማ ይከፍታሉ። ልቡ ያልወደደ ሰው ስሙንም ዜማውንም ይተወው። እግርን ግድግዳ ላይ አድርጎ በዝግታ መተንፈስ በራሱ ጸሎት አይሆንም ባይ ነኝ። የሚጠራጠር ካለ ግን የንስሐ አባቱን ወይም የሚያምነውን የሃይማኖት አባት ይጠይቅ። በጥርጣሬ ተጋድሞ የሚመጣ እረፍት የለም።

ለሁሉም ሰው ሁሉም አቀማመጥ አይሆንም። ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ያለበት፣ ደም ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ ቃር የሚያስቸግረው እግሩን ከመስቀሉ በፊት ሐኪሙን ያናግር። እርጉዝ ሴት ወሯ ከገፋ በጀርባ ከመጋደም በጎኗ ትሁን፤ ጉልበቶቿ መሃል ትራስ ታድርግ። ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋና ሌሊት ትንፋሹ ቆም የሚል፣ ቀን ደግሞ መሪ ይዞ የሚያንቀላፋ ሰው ችግሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። ሹፌሮቻችን ይህችን ልብ በሉልኝ።

በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰውም በጋቢና በግድግዳ ብቻ አይወጣውም። ለዚህ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. በቀዳሚነት እንዲሰጥ የመከረው ክኒን አልነበረም፤ የእንቅልፍ ልማድንና አስተሳሰብን የሚያስተካክል፣ በእንግሊዝኛ CBT-I የሚባል የምክር ሕክምና ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ይህን ሕክምና በግልጽ ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ይመደብልኝ በሉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አያስከፍልም።