ደመወዝ ያላት ሚስት፣ ትራክ ያለው ባል

እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ካፌ ቁጭ ብሎ ጆሮውን የሰጠ ሰው ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ሳይሰማ አይወጣም። «ትራኩን ሸጬ ልቀጠር ወይስ ትንሽ ልታገስ?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ዲግሪ ያለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ይውል ነበር። በኮሮና ሰሞን ጓደኞቹ ትራክ ገዝተው በሳምንት የሚያስገቡትን ሲሰማ ወንበሩ ቆረቆረው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎ ወጣ።

አልፈርድበትም። በ2021 እና በ2022 መግቢያ ላይ ጭነቱ ራሱ ሾፌር ፈላጊ ነበር። (የአሜሪካውን ነገር በፈረንጅ፣ የአገር ቤቱን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለአንድ ማይል ከ3 ዶላር በላይ ይከፈል ነበር። በ2022 አጋማሽ ግን ናፍጣ ጋሎኑ ከ5 ዶላር አለፈ፤ የጭነቱ ዋጋ ደግሞ ቁልቁል ሄደ። በ2023 ማይሉ 2 ዶላር አካባቢ ሆነ። የዚያኑ ዓመት ኦገስት ላይ 30 ሺህ ያህል ሠራተኛ የነበረው የሎው የሚባለው የጭነት ኩባንያ እንኳ ለኪሳራ ተዳረገ። ባለ አንድ ትራኩማ ምን ይተርፈው? መኪናውን የገዛው ዋጋው ጣሪያ በነካበት ጊዜ ነው። የጭነቱ ሒሳብ ወረደ እንጂ የወር ክፍያው አልወረደም።

እኔ በታክስ ሰሞን ለዘመድ ለጓደኛ ፎርም እሞላለሁ። ስለዚህ ሰው ካፌ የሚያወራውንም፣ ወረቀቱ የሚለውንም አያለሁ። ባልና ሚስት አብረው ሲያስገቡ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ዓይነት ወረቀት ይዘረጋል። አንዱ የእሱ ነው። ቴን ናይንቲ ናይን (ለራሱ የሚሠራ ሰው የተከፈለው የሚጻፍበት ፎርም)፣ የናፍጣ ደረሰኝ፣ የጎማ፣ የጋራዥ፣ በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የሚበላ የትራክ ኢንሹራንስ። ሌላው የእሷ ነው። አንዲት ደብልዩ ቱ፣ ማለትም የተቀጣሪ የዓመት ደመወዝ ወረቀት፤ ከሆስፒታል፣ ከአረጋውያን መጦሪያ ወይም ከካውንቲው ትምህርት ቤት የመጣች። ከእሱ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ይልቅ ቤቱን ያቆመችው ይቺ ናት። የልጆቹ የጤና ኢንሹራንስ በእሷ ነው። የጥርሱም፣ የዓይኑም፣ አባወራው የሚወስደው የደም ግፊት መድኃኒትም በእሷ ነው። «የራሴ አለቃ ነኝ» የሚለው ሰውዬ ሲያመው የሚታከመው በሚስቱ አለቃ ነው።

ለዚህ ነው የካፌው ክርክር የማይጥመኝ። እዚያ ነገሩ ሁሉ ነፃነት ወይስ ደመወዝ ነው። ቤት ውስጥ ግን የእሱን ነፃነት የሚከፍለው የእሷ ደመወዝ ነው። ባለትዳር ያልሆነው ደግሞ የጤና ኢንሹራንሱን ራሱ ከገበያ ይገዛል። በ2021 የመጣው ተጨማሪ የኢንሹራንስ ድጎማ በ2025 መጨረሻ ሲያበቃ ስንቱ ደብዳቤውን ከፍቶ ክው እንዳለ አይቻለሁ። ሥራ ፍለጋ የጀመሩት ያን ሰሞን ነው።

ነፃነቱ ራሱም ቢሆን ይታይ። ትራክ ነጂ በሕግ 11 ሰዓት ይነዳል፤ ከጀመረ 14 ሰዓት ካለፈው በኋላ መሪ አይዝም። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ መኪናው ውስጥ ያለው መሣሪያ እያንዳንዷን ደቂቃ ይመዘግባል። የቢሮ አለቃ ቡና ልትጠጣ ስትወጣ ላያይህ ይችላል፤ ይሄ አይስትህም። ብሮከሩ፣ ማለትም የጭነት ደላላው፣ ይደውላል፤ ዲስፓቸሩ፣ ማለትም ጉዞ መዳቢው፣ ይደውላል፤ መጋዘኑ ደግሞ ደጅ ያስጠናሃል። የዲሲ ታክሲ ነጂዎቻችንም ይህን ቀድመው ቀምሰውታል። በ2008 ሒሳብ የሚቆጥረው የታክሲ ሜትር መጣ፣ በ2011 ኡበር መጣ፤ ሁለቱንም ማንም አላማከራቸውም።

በአንድ ነገር ግን ባለ ትራኩ እውነት አለው። አጎቱ አገር ቤት ሲሞት ማንንም አያስፈቅድም። እዚህ የለቅሶ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ቢኖር እንኳ ለእናት፣ ለአባት፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወንድምና ለእህት ጥቂት ቀን ነው። አጎት ያሳደገው ሰው ይህን ለኤችአር እንዴት ያስረዳ? አገር ቤት እኮ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሰርቪስ መድቦ ሠራተኛውን ጭኖ ለቅሶ ይደርሳል። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንኳን ውስጥ ትቀመጣለች። መዋጮው በፖስታ ይሰጣል። ትናንት በፋይል የተጣሉ ሁለት ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ ንፍሮ ይቆረጥማሉ። እዚህ የሐዘን ካርድ ተፈርሞ ዴስክህ ላይ ይቀመጥልሃል። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ግን ካርድ ነው። ብዙ የእኛ ሰው ከቢሮ የወጣው በገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። ሐዘኑንም በዓሉንም እንደ ልቡ ማክበር አምሮት ነው።

አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ በተገላቢጦሹ ተጨንቃለች። አንድ የግል ባንክ ውስጥ ትሠራ ነበር። ለቃ ትንሽ ኅትመት ቤት ከፈተች። ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ ማኅተም፣ ቲሸርት። ያስወጣት ኑሮ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ሲተው ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ወረቀቱም ቀለሙም ተሰቀለ። ነጋዴው የገዛበትን አስቦ ዋጋ ይጨምራል። ደመወዝተኛው ማን ላይ ይጨምራል? እሷ ባትወጣ ኖሮ የት እንደምትደርስ አላውቅም፤ ከእሷ ጋር የነበሩት እስከ ወር መጨረሻ በብድር ነው የሚደርሱት።

አሁን ባንኩ «ተመለሽ» ብሏታል። «ወንድም ጋሼ፣ ደመወዙማ የቤት ኪራይም አይችል» አለችኝ በስልክ። «ብድሩ ነው ልቤን የሚያማልለው።» ባንኮች ለሠራተኞቻቸው በዝቅተኛ ወለድ የቤት ብድር ይሰጣሉ። እሷ እንደ ነጋዴ ብትጠይቅ ያን ወለድ አታገኘውም። ሕክምናም አለ። ለደመወዝተኛው ሁሉ የጤና መድን የሚያወጣው አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሥራ ላይ መዋሉ ግን ሲገፋ ሲገፋ ኖሯል። ስለዚህ አገር ቤት የተቀጣሪ ሕክምና በአሠሪው ደግነት የተንጠለጠለ ነው። ባንክ ከሆነ ያሳክማል፤ ሌላው ከኪሱ። ከዚያ ላይ ጡረታው አለ። ከእሷ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ባንኩ 11 ይጨምራል። እዚህ ለራሱ የሚሠራ ሰው የጡረታውንና የእርጅና ሕክምናውን መዋጮ የሁለቱንም ወገን፣ 15.3 በመቶውን፣ ብቻውን ነው የሚገፈግፈው።

እንግዲህ እዚያ ኑሮው ከቢሮ ያባርራል፣ እዚህ ሕክምናው ወደ ቢሮ ይመልሳል። ለደመወዙ ብሎ የሚመለስ ሰው ግን በሁለቱም አገር አላየሁም።

መመለሱም አንድ ዓይነት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ስትወጣ ክሊራንስ ያስጨረሱህ ሰዎች፣ ስትመለስ መልቀቂያህን ከሥራ ልምድ ደብዳቤህ ጋር ይጠይቁሃል። መሥሪያ ቤቱ ወይም የሥራ መደቡ ከቀድሞው የተለየ ከሆነ ደግሞ እንደ ጀማሪ እስከ 60 የሥራ ቀን ሙከራ ላይ ነህ። አብሮህ የጀመረው ልጅ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። ጎረቤት «ከሠረች» ይላል። እዚህ ማንም መልቀቂያ አይጠይቅህም። ሲያሻቸውም ያለ ብዙ ምክንያት ያሰናብቱሃል።

ስለ ግብር ካነሣሁ አንድ ነገር ልበል፣ ሁልጊዜ ስለሚያስቀኝ። አገር ቤት ገማቹ ይመጣብሃል። ሐምሌ 2009 የቀን ገቢ ግምቱ ሲወጣ በስንት ከተማ ሱቅ ተዘግቶ እንደነበር እናስታውሳለን። እዚህ ራስህ ነህ የምትናገረው። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ ሁሉም ድሃ ነው። «ወጪ ፈልግልኝ» ይለኛል። ቆይቶ ቤት ሊገዛ አበዳሪ ዘንድ ሲሄድ የሁለት ዓመት ታክስ ይጠየቃል። «ምን ነካህ፣ እንዲህ ምስኪን አድርገህ ጻፍከኝ?» ብሎ እኔን ያኮርፋል። ጡረታውም የሚሰላው ከተሻሉት 35 ዓመታት በተመዘገበው ገቢ ነው። ዛሬ ያሳነሰው ቁጥር 67 ዓመት ሲሞላው ይጠብቀዋል።

የአክስቴ ልጅ ኅትመት ማሽኑን የገዛችው በምን ነበር? ሜሪላንድ ያለች እህቷ ሰጥታት ነው። እህትየው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በማታ ሺፍት የምትሠራ ነርስ ረዳት ናት። እንግዲህ እዚያም ያው ነው። ከሥራ ፈጣሪው ጀርባ አንዲት ደመወዝተኛ አለች፤ ብቻ ውቅያኖስ ማዶ ነች።

አንድ ባለ ትራክ ወዳጄ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ቤቴ መጣ። ሚስቱም አብራ መጥታ ነበር። ናፍጣውን፣ ማይሉን፣ ገበያው መቼ እንደሚመለስ አብራራ። እሷ እሱ እስኪጨርስ ቆየች። ከዚያ «እኔም እኮ ሥራ መልቀቅ እፈልጋለሁ» አለች። እሱ ደነገጠ። ነርስ ናት። ሌሊት ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። መማር ትፈልጋለች፤ ሰዓቷን ከቀነሰች ግን የቤተሰቡ ኢንሹራንስ ይቀራል። «አንተ ልልቀቅ ስትል አግዤሃለሁ። እኔ መቼ ነው ተራዬ?»

ያን ቀን ስለ ጭነት ገበያ ማውራቱን ትተን ስለ እሷ አወራን። እኔ ሐሳቤን አልደበቅሁም። ቤት ውስጥ ከሥራ የመውጣት ዕድል አንዴ ከተሰጠ ቀጣዩ የሌላው ነው። ገበያው ይመለስ አይመለስ እሱ በኋላ የሚታይ ነው። ተቀጠር፤ ግን ከደመወዙ በፊት ኢንሹራንሱ መቼ እንደሚጀምር ጠይቅ። ሕጉ ከ90 ቀን በላይ አያስጠብቅም፤ ከመጀመሪያው ወር የሚጀምሩም አሉ። ለቤተሰብ ስንት እንደሚቆርጡ በጽሑፍ ያዝ። ለጡረታ ቁጠባህ የሚጨምሩት ገንዘብ ስንት ዓመት ካልሠራህ እንደማታገኘው እወቅ።

የኮምፒውተሩ ሙያ ዝጎበት ስለነበር በእሱ ብዙ አመለከተ፣ ማንም አልጠራውም። የጠራው አንድ የጭነት ድርጅት ነው፤ መንገዱን፣ መጋዘኑን፣ የሾፌሩን ጣጣ የሚያውቅ ሰው ቢሮ ውስጥ ይፈልጉ ነበር። ደመወዙ ድሮ ከለቀቀው ሥራ ያንሳል። እሷ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ተመዝግባለች። ትራኩ ግን አልተሸጠም። ገዢዎች የሚሰጡት ዋጋ ከቀረው ዕዳ በታች ስለሆነ ለሌላ ሾፌር አከራይቶታል፤ ማታ ማታ እሱም በተራው ብሮከር ያጨናንቃል።