ውዳሴ መግለጫ

የጦርነት ጊዜ መግለጫን የሚያማ ሰው የእጅ ሥራ አያውቅም። የጅማ በርጩማ ሦስት እግሩ ሳይቀር ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ጥሩ መግለጫም ያለ ምስማር ይቆማል። ቦታ፣ ቀንና ቁጥር የሚባል ምስማር አይነካውም።

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና የሚገባት «አንዳንድ» ናት። «በአንዳንድ አካባቢዎች የጸጥታ ችግር የነበረ ቢሆንም…» ይላል አማርኛው። ኦሮምኛው «ቶኮ ቶኮ» ብሎ ይመልሰዋል። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ቋንቋ ቃሉን የሠሩት አንድን ደግመው ነው። አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ ሲቆጥር ይውላል እንጂ ሁለት ላይ አይደርስም። «እርምጃ ተወስዷል»ም ያው ነው። አማርኛ «ተ»ን ከፊት ይሰካል፤ ኦሮምኛ «ፉዸተሜራ» ብሎ «አም»ን ወደ ኋላ ይሸጉጣል። ወሳጁ ከሁለቱም ይሰወራል። በሌላ ጉዳይ ትርጉም ይዛባል ብለን ስንጣላ እንውላለን፤ በዚህ ግን እንከን አይወጣለትም።

የድሮ የሳንሱር መርማሪዎች ያሳዝናሉ። በደርግ ጊዜ ጽሑፍ ሳይታተም በፊት በሰው ዐይን ማለፍ ነበረበት፤ ለዚህም ቢሮና ደመወዝ ያስፈልግ ነበር። የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 «በማንኛውም መልኩ» ከለከለው። መርማሪው ታዲያ የት ይግባ? አዘጋጁ ጭንቅላት ውስጥ ገባ። ኪራይ አይከፍልም፣ ዓመት ፈቃድም አይወጣም።

በ2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን የሚያስፈጽመው ኮማንድ ፖስት ከውጭ አገር የሚሰራጩትን ኢሳትንና ኦኤምኤንን የተባሉ ቴሌቪዥኖች ማየት ሲከለክል የተማርነው ድምፅ መቀነስን ነበር። በ2014ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ የጦር ግንባር ውሎን ከተፈቀደለት አካል በቀር ማንም እንዳያወራ ታዘዘ፤ የሚያወራው አንድ ሲሆን እርስ በርሱ አይጋጭም።

ወሬ እንዴት በወጉ እንደሚበርድም እንመልከት። ጋዜጠኛው ተኩስ መሰማቱን ይሰማና ለኮሙኒኬሽን ይደውላል። «ስብሰባ ላይ ነኝ።» ማምሻውን ይደግማል። «በደብዳቤ ጠይቁ።» ደብዳቤው ቁጥርና ማኅተም ይዞ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ይመራል፣ ተመሪው መስክ ወጥቷል። በሦስተኛው ቀን ዜናው ይሻግታል፤ በቦታው «ኅብረተሰቡ ለሰላም ያለውን ቁርጠኝነት ገለጸ» ይነበባል። ሰው አልተከለከለም፣ ወረቀት አልተቀደደም፤ ደብዳቤው አሁንም ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ሄዶ ማየት ይቻላል።

ስለ መረጃ ማጣሪያው ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ያላየነውን ምስል በጥራት አምጥቶ፣ በላዩ «ሐሰት» የሚል ቀይ ማኅተም አሳርፎ፣ ስልክ ላላቸው ሁሉ ያደርስልናል። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና የሚጠጣው ሰው ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ከልሎ ከሥሩ ያለውን ያነባል። ማስተባበያ ካልወጣማ ነገሩ ውሸት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከታል።

የቸኮለ መንገደኛ ግን የጅማ መናኸሪያ ይውረድ። እዚያ ትርጉምም ደብዳቤም አይጠበቅም። ሬዲዮው ከሻይ ቤቱ «በአጋሮ አልፎ ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ ሰላማዊ እንቅስቃሴ ላይ ነው» ሲል፣ ረዳቱ የበሩን እጀታ እንደያዘ አንገቱን ያወጣል፦

«አጋሮ! አጋሮ! እስከ አጋሮ ብቻ!»